ማን አጠፋው

ሰው የታመመ ሃርድ ዲስክ ይዞ ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ማነው የረዳው?»

ደንበኞቼ ቀልድ ይመስላቸዋል። ፈገግ ብለው ሲያበቁ እውነቱን ማውጣት ይጀምራሉ። ባልየው ትንሽ መታ መታ አድርጎታል። ኮምፒውተር የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ከኢንተርኔት አንድ መጠገኛ አውርዶ ቀኑን ሙሉ ሲጠግነው ውሏል። የሚስት እናት ደግሞ ሰው ነግሯቸው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠውታል። እጄን አጣጥፌ እሰማቸዋለሁ። ዲስክ በራሱ ሲታመም ብዙ ጊዜ ያለውን አይነፍግም። የሚጨርሰው ረጂ ነው። በዚህ ሙያ ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ረጂን ነው፤ በልጅነቴ ደግሞ አንድ ረጂ እንደ ዓይኔ ብሌን እወድ ነበር።

አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። የፎቶና የቪዲዮ ቤት ነበረው። ሰው ሁሉ «ዳይሬክተር» ብሎ እንዲጠራው ያደርግ ነበር እንጂ አንድም ነገር ዳይሬክት አድርጎ አያውቅም። ሰርግ፣ ምርቃትና የአዳዲስ ሱቆች መክፈቻ ነበር የሚቀርጸው። ከላይ እስከ ታች ኪስ ብቻ የሆነ ሰደርያ ይለብሳል። አንድ ቀን ሰደርያውን ከተሰቀለበት አውርጄ ኪሶቹን በሙሉ ፈተሽኩ፤ ከአንዱ ማበጠሪያ ወጣ፣ ሌሎቹ ባዶ ነበሩ። ይህ ለማንም ጤነኛ ሰው ብዙ ነገር ይነግረው ነበር። እኔ ግን ዕቃዎቹ በጣም ውድ ስለሆኑ ሌላ ቦታ የደበቃቸው መሰለኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የሁለት እጆቹን ጣቶች አራት ማዕዘን አድርጎ በመሃላቸው ያየኛል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እንዳትነቃነቂ ሚጣዬ! ወርቅ ነሽ፣ ወርቅ!» ይለኛል። እኔም ትንፋሼን ይዤ ቀጥ እላለሁ። እንደዚያ አድርጎ የሚያየኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

እናቴማ ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ የላትም። ከመጋረጃ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ እሱ የቀረጸውን ስትቆርጥና ስትቀጥል ትውላለች። አባቴ ጥሎን ከሄደ ወዲህ የምንኖረው በዚያው ቤት ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አጎቴ ይህን ሳይናገር አንድም ደንበኛ አይሸኝም። «እህቴን ከነልጇ ያስጠጋሁ እኔ ነኝ» ይላል ደረቱን ነፍቶ፤ ሰውየው የመጣው ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ ብቻ ቢሆንም። እናቴ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «እሱ የቀረጸው ሰው ሁሉ የሰከረ ይመስላል። ቀጥ አድርጌ የማቆማቸው እኔ ነኝ» ትላለች። ምላሷ ስለት ነበር። የምትቀናበት ይመስለኝና አፍርባት ነበር።

ጉዱ የፈላው የሥራ ተቋራጩ ሴት ልጁን የዳረ ጊዜ ነው። ተቋራጩ ከከተማው ሕንፃ ግማሹን የሠራ፣ ግማሹን ደግሞ ጀምሮ የተወ ሰው ነው። አንገት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ራሱ በቀጥታ ትከሻው ላይ ተቀምጧል። አጎቴ ለዚህ ሰርግ ብሎ አዲስ ካሜራ አመጣ። እናቴ፣ «መጀመሪያ ተለማመድበት፤ ቁልፉ እንደ አሮጌው አይደለም» ብትለው፣ «ለእኔ ነው ካሜራ የምታስተምሪኝ?» ብሎ ከትከት ብሎ ሳቀባት። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

እሑድ ሲቀርጽ ዋለ። ሰኞ የቀረጸውን ከካሜራው ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ ራሱ ገለበጠ፤ ካርዱን ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም። ወዲያው ደግሞ፣ ገና ሳያየው፣ ለሌላ ሥራ ይፈልገው ስለነበር ካርዱን ባዶ አደረገው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ የማስታውሰው ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ማግኘቴን ነው። እናቴ ገበያ ወጥታለች።

በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አጎቴ ወለሉ መሃል ቆሟል። ጥቁሩን ሃርድ ዲስክ እስከ ጆሮው ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ሲሚንቶው ላይ ጓ አለ። አነሳው፣ ጆሮው ላይ ለጠፈው፣ ነቀነቀው፣ እንደገና ለቀቀው። ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ለሥራ ብሎ እንደዚያ ሲደክም አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አልኩት።

ክው ብሎ ዞረ። ለአፍታ ፊቱ የማላውቀው ሰው ፊት ሆነብኝ። ከዚያ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ልቡ ቆሞ ነው፣ ሚጣዬ። እንዲህ ሲደረግ አንዳንዴ ይነቃል። ላነቃው እየታገልኩ ነው።»

«ይነቃል?»

«እንጃ።» ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ዕንባው እውነተኛ ነበር፤ ስለ ራሱ ሲያስብ ቶሎ ነበር የሚያለቅሰው። «ጠዋት ቦርሳሽን ከጠረጴዛው ሥር ስታወጪ የዲስኩን ገመድ አልጠለፍሽውም?»

ቦርሳዬን አውጥቻለሁ። ገመድ የሚባል አላስታውስም። ግን አንድ ትልቅ ሰው ተንበርክኮ እያለቀሰ ሲጠይቅ ልጅ ያልነበረውን ያስታውሳል። ቦርሳዬን አንድ ነገር ያዝ አድርጎት እንደነበር ወዲያው ትዝ አለኝ።

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» አለኝ በሹክሹክታ። «ግን አይዞሽ፣ አልናገርብሽም። አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ። ከተናገርሽ ባለሰርጎቹ እናትሽን ነው የሚያባርሯት።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ጥፋቴን በሆዱ ሊይዝልኝ! እንደዚያ ሰው ያከበርኩት ማንም የለም። ዛሬ ያንን አንገት ሳስበው እጄን መታጠብ ያምረኛል።

በማግስቱ ተቋራጩ ወንድ ልጁን አስከትሎ ቪዲዮውን ሊያይ መጣ። እኔ ደንበኞች ፎቶ የሚነሱበት፣ ባሕር የተሳለበት ሸራ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። አጎቴ ከበሩ ጀምሮ አጎንብሶ ተቀበላቸው።

«ዲስኩ ወድቋል፣ ጌታዬ» አለ። «ምን ላድርግ? እህቴ ናት፣ ደሜ ናት። ከእጇ አምልጧት ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። እናቴ ወጣች።

«እኔ?» አለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸውና ይለቅ።»

«ዓይኔ ያላየውን ዲስክ ነው የጣልኩት?»

አጎቴ እኔን ለማዳን ሲል የገዛ እህቱን አሳልፎ እየሰጠ ነው። አዘንኩለት። ለእሱ ነው ያዘንኩት፤ ይህን ያህል ገርቶኛል።

ተቋራጩ እናቴን አላያትም። ሲናገር ስንጥቅ የሚፈልግ ይመስል ግድግዳውን ነው የሚያየው። «ያጠፋው ሰው ከዚህ ቤት ይውጣ» አለ። «እኔ በዚህ ከተማ እያለሁ ደግሞ ካሜራ ያለበት ደጅ እንዳይረግጥ። አይሆንም ካላችሁ ቤቱን አስዘጋዋለሁ።»

«ተገቢ ነው፣ ጌታዬ» አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ።

ያኔ የተቋራጩ ልጅ አፉን ከፈተ። «አባዬ፣ እንዲህ ያለውን ዲስክ የሚያስነሱ ባለሙያዎች አሉ ይባላል። ወስጄ ላሳየው?»

አጎቴን ምራቁ ትን አለው። ሲያስል ሲያስል ቆይቶ፣ «ምን አለፋችሁ?» አለ። «እሷው ትሞክረው። ያጠፋችው እሷ፣ የምትመልሰውም እሷ።»

ከውሸቱ ሁሉ ዛሬም ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ባለሙያ ፈራ፣ እናቴን ግን አልፈራም። ስንት ዓመት ጉዱን ስትሸፍንለት ከኖረች ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየዋለ ምን እንደምትችል አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየም። እናቴ ዲስኩን ከእጁ ተቀበለች። አልነቀነቀችውም፣ ጆሮዋም ላይ አላደረገችውም። በፎጣ ጠቀለለችውና፣ «እሑድ ኑ» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ያልሞከረው እርዳታ የለም። እናቴ ዳቦ ልትገዛ ብቅ ስትል ጠብቆ ገባ። የት እንዳለ ያሳየሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ከበረዶው መሃል ሸጎጠው፤ «ትኩሳቱ እንዲበርድለት» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አወጣውና ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መጠገኛ የሚባል ፕሮግራም አስነሳበት። ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ሰው ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስል ነበር። አጎቴ ደግሞ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሐኪም አክሎ።

እናቴ ዳቦውን ጥላ ገመዱን ነቀለችው።

«ውጣ!»

«ልረዳሽ ብዬ እኮ ነው!»

«በነካ እጅህ መዶሻ አታመጣም?»

ምስኪን አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እናቴ ውለታ የማይገባት፣ ልቧ ድንጋይ የሆነ ሴት ናት ብዬ ከልቤ ጠላኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲስኩ ከጓሮዋ ክፍላችን አልወጣም። ቁልፉንም አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አልጋው አጠገብ አቆመች። ሥራዋ መጀመሪያ ላይ ምንም አላስደነቀኝም፤ አጎቴ እንደሚያደርገው ላብ የለው፣ ትግል የለው። ለእኔ ያስረዳችኝ እንኳ ስለነዘነዝኳት ነው።

«የታመመ ሰው ተነስተህ ጨፍር አይባልም» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለውን ሁሉ እንዲነግረን እናደርጋለን። የነገረንን ጤነኛ ዲስክ ላይ እንገለብጣለን። ከዚያ እሱ ይረፍ። የምንጠይቀው ቅጂውን ነው፣ የምናገላብጠውም ቅጂውን ነው። በታመመው ላይ አንዲት ፊደል አይጻፍበትም።»

ስክሪኑ በትናንሽ ካሬዎች ተሞላ። የተነበበው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያልተደረሰበት ግራጫ ነው። ፕሮግራሙ እምቢ ያለው ቦታ ሲገጥመው አይታገለውም። ዘሎት ይሄድና ቀላል ቀላሉን ይለቅማል፤ ያ ሲያልቅ ተመልሶ እምቢተኛውን ቆንጠር እያደረገ ያባብለዋል። ዛሬም የምሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንዳንዱ ካሬ ግን ቀይ ሆኖ ይቀራል።

«እማዬ፣ ቀዩ ምንድነው?»

«የአጎትሽ እርዳታ።»

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ቀዩ እንዲበዛ ለመንኩ።

ዲስኩ ለቀናት እንደዚያ ሲነበብ ሰነበተ። አጎቴ በመስኮቱ በኩል እያለፈ፣ «እንዴት ነው? ተስፋ አለው?» ይላል። እናቴ «አለው» ስትለው ፊቱ ይጨማደዳል፤ እኔ ደግሞ ደስታ እንዲህም ያደርጋል ብዬ አልፈዋለሁ። መግደል የፈለገውን ዲስክ እንኳ በወጉ መግደል አልቻለበትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ጥሎት፣ ያን ሁሉ ቀጥቅጦት፣ ቀዩ ካሬ ከእፍኝ አልበለጠም።

ቅጂው አልቆ ስትከፍተው ባዶ ሆነ። አንድም ፋይል የለም። እኔ አበቃልን ብዬ ነበር። እናቴ ግን ስክሪኑን አየት አድርጋ በአፍንጫዋ ሳቀች።

«ፎርማት አድርጎታል» አለች። «አጎትሽ የመጽሐፍ ማውጫ ቀድዶ መጽሐፉን ያቃጠለ ይመስለዋል።»

ማውጫውን የቀደድኩት እኔ የሆንኩ መሰለኝ። ቦርሳዬ ይህን ሁሉ ጥፋት መቻሉ ገረመኝ። እናቴ ሌላ ፕሮግራም አስነሳች፤ ይሄኛው ማውጫ አይፈልግም፣ ገጽ በገጽ እየሄደ የቪዲዮ አጀማመር የሚመስለውን ሁሉ ይለቅማል። ስም የሌላቸው ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። እናቴ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ከእኔ መለሰችው።

ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፏን በእጇ አፈነች። ዕንባዋ በጉንጯ ወረደ። ሁሉም ነገር እንዳበቃ፣ ከቤት ልንባረር እንደሆነ፣ ይህንን ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እናቴ ያን ቀን በሳቅ ልትሞት ደርሳ እንደነበር የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

እሑድ ተቋራጩ ሚስቱን፣ ወንድ ልጁንና ሙሽራዋን ይዞ መጣ። እኔ ያን ቀንም ከሸራው ኋላ ሆኜ አጮልቃለሁ። አጎቴ ወንበር ያቀርባል፣ አቧራ ያራግፋል። እናቴ «ተገኝቷል» ስትል ወንበሩ ከእጁ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ መጀመሪያ ልየው» አለ። «ያልተቆረጠ ነገር ለእንግዳ አይታይም። የሙያ ነገር ነው።»

«ዳይሬክተር» አለች እናቴ፤ እንደዚያ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ተቀመጥ።»

ስክሪኑ ላይ ጫማ መጣ።

የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ ተረከዙ የቀጠነ የሴት ጫማ፣ ምንጣፍ፣ የወደቀ መሐረብ። ወለሉ ወደ ኋላ ይሮጣል። ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ጫማ አለ፤ የአጎቴ ነው። ከሩቅ አንድ ሰው «ቀለበት!» ይላል። የአጎቴ ድምፅ፣ «ጀመርን! ይቺን እዩልኝ!» ይላል። እዚያ ላይ ምስሉ ይቋረጣል። ቀጥሎ ደግሞ ወለል። ጫማ። የኬክ ጠረጴዛ እግር። «ጀመርን!» ይቋረጣል።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። በአዲሱ ካሜራ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይቀርጻል፣ ደግመው ሲጫኑት ያቆማል። አጎቴ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሳያስበው ተጭኖታል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተገላቢጦሽ ሆነበት፤ ሊቀርጽ ከፍ ሲያደርገው ያጠፋዋል፣ አጠፋሁት ብሎ ዝቅ ሲያደርገው ይበራል። ይህ በሙያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሕተት ነው። ጀማሪን ለጥቂት ደቂቃ ያገኘዋል፤ ቀይዋን መብራት ያያትና አፍሮ ያስተካክለዋል። ሰርግ ሙሉ በዚህ ሲሄድ የዋለ ሰው እኔ ከአጎቴ በቀር አላውቅም። ቀይዋ መብራት አፍንጫው ሥር ነበረች። እሱ ግን የሚያየው ሰው እያየው መሆኑን ብቻ ነበር፤ ጉዱን ያየው ሰኞ፣ ካርዱን ባዶ ካደረገ በኋላ ነው።

እኔ ግን ያኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ዲስኩ ሲወድቅ የሰዎቹ ላይኛው ግማሽ ፈሶ እግራቸው ብቻ የቀረ መሰለኝ። ያን ሁሉ ሰው ከጉልበቱ በላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ የሚይዘው ነገር አገኘ። ብድግ አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አያችሁ?» አለ። «ዲስክ ሲወድቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የላይኛው ክፍል ይጠፋል፣ ታችኛው ይቀራል። ቴክኒክ ነው።»

ተቋራጩ ራሱን ነቀነቀ። «ሕንፃም እንደዚያው ነው» አለ። ከተማውን ግማሹን የሠራው ሰውዬና እኔ ልጅቷ በዚያች ሰዓት አንድ ዕውቀት ላይ ደርሰን ነበር።

«ዲስኩ ሰው አይቆርጥም» አለች እናቴ። «የተቀረጸው ይሄ ነው። ሌላ የተቀረጸ ነገር የለም። ሲያበራው እያጠፋው ነው የዋለው።»

«አጥፍታ ደግሞ ታላቅ ወንድሟን ትከሳለች?» አለ ተቋራጩ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው። «ሴትዮ፣ ነገር አታብዢ። ዛሬውኑ ዕቃሽን ሸክፊና ውጪ።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ፤ የሚያዝን ሰው ለመምሰል። እናቴ ስክሪኑ ፊት ቆማ ነበር። ከሸራው ኋላ ወጣሁ።

«እማዬ አይደለችም!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ቦርሳዬ ገመዱን ጠልፎት ነው። እማዬ ገበያ ነበረች፣ አላየችም። ጋሼ ነው ያየኝ። ጋሼ ደግሞ ምንም አላጠፋም፤ ሊያነቃው ስንት ደከመ! እስከ ጆሮው ከፍ አድርጎ ወለሉ ላይ ይለቀዋል፣ ያነሳዋል፣ ደግሞ ይለቀዋል። ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ፍሪዘርም ውስጥ አስተኝቶታል። አልረዳም እንዳትሉት!»

ያላመኑኝ መሰለኝ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ባዶ የካሴት ሳጥን አንስቼ፣ ልክ እንደ እሱ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ነቅንቄ፣ ወለሉ ላይ ለቀቅኩት። ጓ አለ።

«እንዲህ አድርጎ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራዋ ናት። እናቴ አልሳቀችም። መጥታ ፊቴ ተንበረከከች።

«ገመዱን ጠልፈሻል ብሎ የነገረሽ እሱ ነው?»

«አዎ። ግን አልናገርብሽም ብሎኛል።»

ይህችን ብቻ አታውቅም ነበር። የካሜራውን ታውቃለች፣ የፎርማቱን ታውቃለች፣ የፍሪዘሩን ታውቃለች። የእኔን አታውቅም። ተነሳች። ከዚያ በፊት ልታልፈው አስባ የነበረውን አንድ ቪዲዮ ፈልጋ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

ስክሪኑ ላይ ሣር ይታያል፤ ሣሩ ላይ ቡናማ ጫማ። የአጎቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ይሄ ሲሚንቶ ራስ ደግሞ የት አባቱ ነው የሚገተረው? በሄድኩበት ሁሉ ሥዕሌን ያበላሽብኛል። ልጁስ ብትሆን በየት በኩል ባነሳት ነው የምታምረው?»

ተቋራጩ ራሱን ከግድግዳው መልሶ ወደ አጎቴ አዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንገት እንዳለው አየሁ፤ ቀይ ነበር።

«ያጠፋው ሰው ከዚህ ቤት ይውጣ ብዬ ነበር» አለ።

«የምንወጣውስ እኛ ነን» አለች እናቴ። «ቤቱን ለእሱ ተዉለት። ቪዲዮውንም አብራችሁ እዩበት።»

በዚያው ሳምንት አሮጌውን ኮምፒውተር ተሸክመን ወጣን። ዛሬ ደንበኞቼን የምጠይቅባት ሱቅ ያኔ የከፈተቻት ናት። የመጀመሪያ ደንበኛዋ ሙሽራዋ ነበረች፤ ጠረጴዛ ሥር ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ስታወዛውዝ የተቀረጸችበትን ቅጂ ልትወስድ መጣች። ዋናው ቅጂ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ጀማሪ ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

አጎቴ ያን እሑድ ከተቋራጩ ፊት ለመሸሽ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ እዚያው ቆሜ ነበር። ጣቶቹን አራት ማዕዘን አድርጎ እንዲያየኝ፣ ወርቅ ነሽ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ ምስክር ሆኜለታለሁ ብዬ ነው እኮ። ቆም አለ። አላጎነበሰም፣ አላለቀሰም።

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽኝ» አለኝ።

ያኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣች አንዲት እውነት ይህቺ ብቻ ነበረች። አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።